በአምስተኛው ኦሎምፒክ የተገኘ ወርቅ፦ ስለ ካተርዢና ኖይማኖቫ ለጠየቃችሁን

ስለ ቼኳ የአገር አቋራጭ ስኪ ሻምፒዮን ስለ ካተርዢና ኖይማኖቫ ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዱ ጽሑፍ ኖይማኖቫ በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ያገኘችው አንድ ነሐስ ነው ይላል፤ ሌላው ሁለት ብር ይላል። የትኛውን እንመን? ጠቅላላ የኦሎምፒክ ሜዳልያዋስ ስንት ነው?

መልስ፦ ሁለት ብር የሚለውን እመኑ። ጠቅላላው ስድስት ነው፤ አንድ ወርቅ፣ አራት ብር፣ አንድ ነሐስ። የመጀመሪያው ጽሑፍም የተሳሳተ አይደለም፤ ውድድሩ በተካሄደበት ሰሞን ተጽፎ ሳይታረም የቀረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2002 በ15 ኪሎ ሜትር ነፃ ስልት (ስኪን ወደ ጎን እየከፈቱ በሚገፉበት አካሄድ) ኖይማኖቫ ከጣሊያናዊቷ ስቴፋኒያ ቤልሞንዶና ከሩሲያዊቷ ላሪሳ ላዙቲና ቀጥላ ሦስተኛ ገባች። ክላሲክና ነፃ ስልትን በሚያጣምረው የማሳደድ ውድድር ደግሞ አራተኛ ነበረች። ከፊቷ ሁለት ሩሲያውያን፣ ኦልጋ ዳኒሎቫና ላዙቲና፣ ከዚያም ካናዳዊቷ ቤኪ ስኮት ነበሩ። ስኮትና ኖይማኖቫ መስመሩን ያለፉት እኩል በሚባል ሁኔታ ነው፤ ልዩነታቸው 0.1 ሰከንድ ብቻ ስለነበር ዳኞቹ ፎቶ ተመልክተው ለዩአቸው። በጨዋታዎቹ ማብቂያ ላይ ግን ሁለቱ ሩሲያውያን ዳርቤፖየቲን ተጠቅመው ተገኙ። ይህ ለኩላሊት ሕሙማን የደም ማነስ የተሠራ መድኃኒት ሲሆን ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ቀይ ሕዋስ ሲበዛ ደግሞ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ያገኛል። ምርመራው የተደረገው ከእነዚህ ውድድሮች በኋላ ስለነበር፣ የቀደሙት ውጤቶች ይሰረዙ ወይስ አይሰረዙ የሚለው ክርክር እስከ 2004 ዘለቀ። በመጨረሻ ሁሉም ተሰረዙ። ስኮት ወደ ወርቅ፣ ኖይማኖቫ በሁለቱም ውድድሮች ወደ ብር ከፍ አሉ። ከመድረኩ በታች ቆማ የዋለች አትሌት የብር ባለቤት መሆኗ የተረጋገጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ይህ በማንም አትሌት ላይ ሲደርስ ያሳዝናል፤ ሜዳልያው ቢመለስም ያ ምሽት አይመለስም።

ሰንጠረዥ ለምታዘጋጁ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በ1998 በናጋኖ ኖይማኖቫ በ5 ኪሎ ሜትር ክላሲክ (ስኪዎቹ በትይዩ ቦዮች ውስጥ ቀጥ ብለው በሚሄዱበት ስልት) ብር፣ በ10 ኪሎ ሜትር ማሳደድ ነሐስ አግኝታለች። በማሳደዱ የቀደሟት እነዚያው ላዙቲናና ዳኒሎቫ ናቸው። የናጋኖ ውጤት ግን አልተነካም፤ ስለዚህ ነሐሱን ወደ ብር እንዳትቀይሩት። የቀሩት ሁለቱ ከ2006 ቱሪን ናቸው፤ በ15 ኪሎ ሜትር ማሳደድ ብር፣ በ30 ኪሎ ሜትር ወርቅ።

ጥያቄ፦ የ2006ቱን የ30 ኪሎ ሜትር ፍጻሜ በቪዲዮ አየሁት። እስከ መጨረሻው ድረስ አልመራችም፤ ድንገት ብቅ ብላ ወሰደችው። ዕድል ነው ወይስ ስሌት?

መልስ፦ ስሌት ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ከውድድሩ ዓይነት እንጀምር።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2006 በቱሪን ጨዋታዎች፣ በፕራጀላቶ የተካሄደው ይህ ውድድር ሁሉም ተወዳዳሪ በአንድ ላይ የሚነሳበት ነበር። እንዲህ ያለው ውድድር ከረጅም ርቀት ሩጫ ጋር ይመሳሰላል። የ10 ሺህ ሜትርን የመጨረሻ ዙር የሚያውቅ አንባቢ ቶሎ ይገባዋል፤ የሚመራው ሰው ነፋሱን ይሰብራል፣ የሚከተለው ጉልበቱን ይቆጥባል። በስኪ ላይ ይህ ጥቅም ከሩጫ ይበልጣል፤ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነውና። በተለይ በቁልቁለት ላይ ከኋላ ያለው ምርኩዙን ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ አጎንብሶ፣ ያለ ምንም ግፊት መሪውን ይደርስበታል።

መከተል ሲባል ግን ከኋላ መቅረት ማለት አይደለም። በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከፊት ያሉት በትንሹ ፍጥነት ሲቀንሱ፣ በሃያኛ ቦታ ያለው ሊቆም ይደርሳል፤ ከታጠፈ በኋላ ክፍተቱን ለመዝጋት መሮጥ አለበት። ይህ በአንድ ዙር ጥቂት ጊዜ ቢደጋገም፣ በ30 ኪሎ ሜትር ውስጥ እግርን የሚጨርስ ድካም ይሆናል። ሌላው የጅምላ መነሻ አደጋ የምርኩዝ መሰበር ነው። መንገዱ ሲጠብ የአንዱ ስኪ የሌላውን ምርኩዝ ይረግጣል። በ2002 ቤልሞንዶ በ15 ኪሎ ሜትሩ መሀል ምርኩዟ ተሰብሮ ወደ ኋላ ከቀረች በኋላ ሌላ ተቀብላ ነው ያሸነፈችው። ሕጉ ከመንገዱ ዳር ከቆመ ረዳት ምርኩዝ መቀበልን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ጥሩ ቡድን በዳገቶቹ ሥር ትርፍ ምርኩዝ የያዙ ሰዎችን ያቆማል። የሚያዘው ምርኩዝ ለእያንዳንዷ አትሌት ቁመት የሚሆን መሆን አለበት፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ያጠረ ምርኩዝ ወገብን ያጎብጣል፣ ግፊቱንም ያሳጥራል።

በዚያን ቀን ወደ መጨረሻው ቀጥታ ሦስት ሴቶች ተቀራርበው ገቡ፤ ሩሲያዊቷ ዩሊያ ቼፓሎቫ፣ ፖላንዳዊቷ ዩስቲና ኮቫልቺክና ኖይማኖቫ። ቼፓሎቫ በ1998 በዚሁ በ30 ኪሎ ሜትር፣ በ2002 ደግሞ በአጭር ርቀት ስፕሪንት የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደች ናት። እንዲህ ያለችን ሴት እስከ መጨረሻው ቀጥታ ይዞ መምጣት አደገኛ ነው። ኖይማኖቫ ግን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አለፈቻትና 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ25.4 ሰከንድ ገባች። ቼፓሎቫ በ1.4 ሰከንድ ዘገየች፤ ኮቫልቺክም ከእሷ ጥቂት ነው የራቀችው።

የመጨረሻውን ቀጥታ ደግማችሁ ስታዩት እጆቿን ተመልከቱ። በነፃ ስልት በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ለሁለት የእግር ግፊት አንድ የምርኩዝ ግፊት ይደረጋል። ሜዳ ላይ ግን ፈጣኑ አካሄድ ለእያንዳንዱ የእግር ግፊት አንድ የምርኩዝ ግፊት የሚጠይቀው ነው። ይህ አካሄድ የላይኛውን ክንድና የሆድ ጡንቻን ክፉኛ ያደክማል። ከሰማንያ ደቂቃ በኋላ ክንድ ሲዝል መጀመሪያ የሚታየው የዳሌ መውረድ ነው፤ ዳሌው ከእግር ኋላ ሲቀር ክብደቱ በሚንሸራተተው ስኪ ላይ በሙሉ አያርፍም፣ እያንዳንዱ ግፊትም ያጥራል። የኖይማኖቫ ዳሌ እስከ መስመሩ አልወረደም። የተሸነፉት ሁለቱ ያጡት ፍጥነት ሳይሆን ይህን አቋም ነው ብለን እናምናለን። ያንን አቋም የሚጠብቀው ደግሞ በቀደሙት 29 ኪሎ ሜትሮች የተቆጠበው ጉልበት ነው።

በረዶው ላይ እንደወደቀች የሁለት ዓመት ተኩል ልጇ ወደ እሷ መጣች፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ምስል ነው። በ33 ዓመቷ፣ በአምስተኛው የክረምት ኦሎምፒክ፣ በመጨረሻው የኦሎምፒክ ውድድሯ የመጣ ወርቅ ነበር። ቼክ በቱሪን ያገኘችው ብቸኛ ወርቅም ይኸው ነው። ቼኮዝሎቫኪያን ጨምሮ ስንቆጥር፣ በአገሪቱ ታሪክ በአገር አቋራጭ ስኪ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ፣ ለሴትም የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ወርቅ ነው።

ጥያቄ፦ ክላሲክና ነፃ ስልት የሚባሉት በምን ይለያያሉ? ኖይማኖቫ ትልልቅ ወርቆቿን በሙሉ በነፃ ስልት ያገኘችው በክላሲክ ደካማ ስለነበረች ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ እንነሳ፤ ደካማ አልነበረችም። የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳልያዋ፣ የናጋኖው ብር፣ በክላሲክ የመጣ ነው። ወርቆቿ ግን እውነትም ሁሉም በነፃ ስልት ናቸው፤ የ2006ቱ 30 ኪሎ ሜትር፣ በ2005 በኦበርስትዶርፍና በ2007 በሳፖሮ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈቻቸው ሁለቱ 10 ኪሎ ሜትሮች።

በክላሲክ ስኪዎቹ በማሽን በተቆረጡ ሁለት ትይዩ ቦዮች ውስጥ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ እንቅስቃሴው ሩጫን ይመስላል። ስኪው መሀሉ ላይ እንደ ቀስት ወደ ላይ የተለመጠ ነው። በሁለት እግር እኩል ሲቆሙ ከጫማው ሥር ያለው ክፍል በረዶውን አይነካም። ሙሉ ክብደት በአንድ እግር ላይ ሲያርፍ ግን ቀስቱ ይጫንና ያ ክፍል በረዶው ላይ ይቀመጣል። እዚያ ላይ የሚያዝ ሰም ይቀባል፤ የበረዶው ቅንጣት ጫፎች ሰሙ ውስጥ ለቅጽበት ይሰኩና እግር መግፊያ ያገኛል። በነፃ ስልት ቦይ የለም፣ የሚያዝ ሰምም የለም። ስኪው ከሥሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚያንሸራትት ሰም ብቻ ነው ያለው፤ ተወዳዳሪው ስኪውን ወደ ጎን ከፍቶ በውስጠኛው ጠርዝ ይገፋል።

መሣሪያውም ይለያል። የክላሲክ ስኪ ከባለቤቱ ቁመት ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ የነፃ ስልት ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ምርኩዝ ግን በተቃራኒው ነው፤ ለክላሲክ የቁመት 83 በመቶ፣ ለነፃ ስልት 90 በመቶ አካባቢ። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 141 እና 153 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የነፃ ስልት ጫማ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ የሚይዝ ከፍ ያለ አንገት አለው፤ በጎን ሲገፉ እግር እንዳይታጠፍ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከቁመቱ ይልቅ ክብደቱን ለሻጩ መንገር አለበት፤ ቀስቱ የሚመረጠው በክብደት ነውና። ለክብደታችሁ የጠነከረ ክላሲክ ስኪ ከገዛችሁ መሀሉ በረዶውን አይነካም፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የለሰለሰ ከሆነ ደግሞ ሰሙ ሁልጊዜ ይጎተታል።

በክላሲክ ብዙ ውድድር የሚበላሸው በሰም ነው። አሠራሩ ይህ ነው። በመሀለኛው ክፍል ላይ የስኪው ሥር በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ይሻሻል፤ ሰሙ እንዲይዝ። ቀጥሎ የመሠረት ሰም በስሱ ተቀብቶ በካውያ ይቀለጣል፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ለዕለቱ ሙቀት የሚሆነው ሰም ከአራት እስከ ስድስት ስስ ሽፋን ይቀባል፤ እያንዳንዱ ሽፋን በቡሽ ይታሻል። ስኪው ውጭ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው የሚረገጠው። አንድ ወፍራም ሽፋን ከቀባችሁ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ተገሽልጦ ይወድቃል። የሞቀ ስኪ በቀዝቃዛ በረዶ ላይ ካስቀመጣችሁ ደግሞ በረዶው ቀልጦ ሰሙ ላይ ይጋገራል፤ ከእግራችሁ ሥር የበረዶ ኳስ ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ። ከሁሉ የሚከፋው ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሆኖ አዲስ በረዶ ሲወርድ ነው። ጠንከር ያለው ሰም ያንሸራትታል፣ ለስለስ ያለው ይጋገራል፣ መካከለኛ የሚባልም የለም። ቀልጦ እንደገና ለጠጠረ በረዶ የሚያገለግለው ከቱቦ የሚወጣው፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቀው ክሊስተር ነው።

የሚያንሸራትተው ሰም በካውያ ይቀለጣል፣ ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ መፋቂያ ይፋቃል፣ በብሩሽ ይጠረጋል። በኖይማኖቫ ዘመን ከእነዚህ ሰሞች ምርጦቹ ፍሎሪን ነበራቸው፤ እርጥብ በረዶ ላይ የሚወዳደራቸው አልነበረም። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ2023–24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከልክሏቸዋል፤ በአካባቢ ውስጥ ሳይበሰብሱ ስለሚቆዩና ጢሳቸው የሰም ባለሙያዎቹን ጤና ስለሚጎዳ ነው። ስለዚህ የድሮ ሰዓቶችን ከዛሬዎቹ ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ።

ስለ ኖይማኖቫ አንድ ነገር ጎልቶ እንዲታይ እንፈልጋለን። ሁለቱ 10 ኪሎ ሜትሮች ተወዳዳሪዎች በየተራ የሚነሱባቸው ነበሩ። እዚያ የሚከተሉት ጀርባ የለም፣ ባላጋራው ሰዓት ነው። የ30 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ትዕግሥትንና የመጨረሻ ፍጥነትን የሚጠይቅ የጅምላ ፉክክር ነው። ብቻዋን ሰዓትን ያሸነፈች፣ በመንጋ መሀልም ተሻምታ ያሸነፈች ሴት ናት። ሁለቱን አጣምረው የያዙ ብዙ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የማሳደድ ውድድር በ1998፣ በ2002ና በ2006 አንድ ዓይነት ነበር?

መልስ፦ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። በናጋኖ የ5 ኪሎ ሜትር ክላሲኩ ራሱን የቻለ ውድድር ነበር፤ ሜዳልያ ተሰጠበት። በሌላ ቀን በተካሄደው 10 ኪሎ ሜትር ነፃ ስልት ተወዳዳሪዎቹ የተነሱት በ5 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት ነው፤ በአሥር ሰከንድ የተበለጠ በአሥር ሰከንድ ዘግይቶ ይነሳል። መስመሩን ቀድሞ ያለፈ አሸናፊ ነው። በሶልት ሌክ 5 ሲደመር 5 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሁለቱም በአንድ ቀን ተካሄዱ፣ ሜዳልያውም አንድ ብቻ ሆነ። በቱሪን 7.5 ሲደመር 7.5 ሆኖ ያለ ዕረፍት ተያያዘ፤ ተወዳዳሪዋ ከክላሲኩ በኋላ ወደ ተመደበላት ቦታ ገብታ ስኪና ምርኩዝ ትቀይራለች፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። የስኪው ማሰሪያ ውስጥ በረዶ ከገባ ጫማው አይቆለፍም፤ ስለዚህ ጫማን ከመግጠም በፊት የጫማውን ጫፍ ማራገፍ ይለመዳል። ኖይማኖቫ በዚህ ውድድር በኢስቶኒያዊቷ ክሪስቲና ሽሚጉን የተበለጠችው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ነው። ከወርቁ ጥቂት ቀናት በፊት የነበረ ብር መሆኑን አስታውሱ።

ጥያቄ፦ በበጋ ኦሎምፒክም ተወዳድራለች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1996 አትላንታ፣ የተራራ ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ሲካተት ተወዳድራ 18ኛ ወጥታለች። ከዚያ በፊት በ1992 በአልበርቪል ለቼኮዝሎቫኪያ፣ በ1994 በሊልሃመር አገሪቱ ከተከፈለች በኋላ ለቼክ ሪፐብሊክ በስኪ ተሳትፋ ነበር።

ብስክሌቱ ለስኪ ተወዳዳሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳገት ላይ የሚፈልገው የልብና የሳንባ አቅም ያው ነው፣ ጉልበትንም እንደ ሩጫ አይቀጠቅጥም። የጎደለው የላይኛው አካል ነው። ስለዚህ የስኪ ሰዎች በበጋ ዋና ልምምዳቸውን የሚሠሩት አስፋልት ላይ በባለ ጎማ ስኪ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የክላሲክ ባለ ጎማ ስኪ አንዱ ጎማ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚከለክል መቆለፊያ አለው፤ በማንኛውም ጊዜ ብትገፉ ይይዛል። በረዶ ላይ ግን ሰሙ የሚይዘው ግፊቱ ሰውነት በእግሩ ልክ ላይ እያለ በፍጥነት ሲደረግ ብቻ ነው። በበጋ ዘግይቶ መግፋትን የለመደ ሰው፣ ክረምት ሲገባ ሰሙን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የልምዱ ነው። መድኃኒቱ ከክላሲክ ባለ ጎማው ጋር ምርኩዝ ይዞ ዳገት ላይ በእግር እየዘለሉ መውጣትን ማቀያየር ነው።

ጥያቄ፦ እኔም የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከወለደች በኋላ ተመልሳ ማሸነፏ በጣም ገረመኝ። ስንት ጊዜ ወሰደባት?

መልስ፦ እህታችን፣ ልጇ የተወለደችው በጁላይ 2003 ነው። በኦበርስትዶርፍ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በፌብሩዋሪ 2005፣ ማለትም ከ19 ወር ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ ቱሪን፣ ከዚያ ሳፖሮ። ከመውለዷ በፊት በኦሎምፒክም በዓለም ሻምፒዮናም ወርቅ አልነበራትም፤ ሦስቱም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

በእንዲህ ያለ አመላለስ ጽናት ቶሎ ይመለሳል፣ የሚዘገየው የሆድና የወገብ ጡንቻ ነው። በስኪ ላይ የምርኩዝ ግፊት የሚጀምረው ከሆድ ስለሆነ፣ ያ ሳይጠነክር ኃይለኛ የምርኩዝ ልምምድ መጀመር ጀርባን ይጎዳል። ስለዚህ አሠልጣኞች መጀመሪያ ረጅምና ቀላል ሥራ፣ ቀጥሎ የወገብና የሆድ ማጠንከሪያ፣ በመጨረሻ የፍጥነት ልምምድ ያሠራሉ። ለራስሽ ከሆነ የምትጠይቂው፣ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ በዚሁ ቅደም ተከተል ሂጂ።

ጥያቄ፦ ከሉካሽ ባወርና ከኖይማኖቫ ማን ይበልጣል? ከእነሱ በፊትስ ነበሩ?

መልስ፦ በኦሎምፒክ ከሆነ ኖይማኖቫ ናት። በየሳምንቱ በሚካሄደው የዓለም ዋንጫ ግን የቼኩ አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪ ባወር ይበልጣል። በ2007–08 የዓለም ዋንጫን ጠቅላላ ውጤት አሸንፏል፤ ኖይማኖቫ ይህን አላገኘችም። ቱር ደ ስኪ የተባለውን የብዙ ቀናት ውድድርም በ2007–08ና በ2009–10 ወስዷል። ያ ውድድር የሚያበቃው በጣሊያን ቫል ዲ ፊየሜ፣ ለቁልቁለት ስኪ በተሠራ አቀበት ላይ ሽቅብ በመውጣት ነው፤ ቀጭንና ለዳገት የተፈጠረ ለሚመስለው ባወር ይህ ይስማማዋል። በኦሎምፒክ በ2006 በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ብር፣ በ2010 በቫንኩቨር በ15 ኪሎ ሜትር ነፃ ስልትና በዱላ ቅብብል ሁለት ነሐስ አለው።

ከቀደሙት መካከል ሄሌና ሺኮሎቫ በ1972 በሳፖሮ በ5 ኪሎ ሜትር ነሐስ፣ ክቬታ የሪዮቫ በ1980ና በ1984 በዚያው ርቀት ነሐስ አግኝተዋል። በ1984 በሳራዬቮ የሪዮቫ፣ ዳግማር ሽቩቦቫ፣ ብላንካ ፓውሉና ጋብሪየላ ስቮቦዶቫ በዱላ ቅብብል ብር ወሰዱ። ማርቲን ኮውካል ደግሞ በ2003 በቫል ዲ ፊየሜ የ50 ኪሎ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ኖይማኖቫ ከባዶ አልተነሳችም፤ ወርቁ ብቻ ነበር የጎደለው።

ጥያቄ፦ ቼክ እንደ ስዊዘርላንድ ያሉ ረጃጅም ተራሮች የሏትም። እነዚህ ሰዎች የት ይለማመዳሉ? እኛስ የት ብንሄድ እናያለን?

መልስ፦ የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ስንየሽካ 1,603 ሜትር ብቻ ነው። አገር አቋራጭ ስኪ ግን የሚፈልገው ቀጥ ያለ ተራራ ሳይሆን በረዶ የሚይዝ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ደን ነው። ያ ደግሞ በድንበሮቹ ዙሪያ ሞልቷል። ኖይማኖቫ የተወለደችው በደቡብ ቦሄሚያ በፒሴክ ነው፤ የሹማቫ ተራሮች ከዚያ ሩቅ አይደሉም። የባወር ሰፈር በጀርመን ድንበር ባሉት በክሩሽኔ ተራሮች ነው። ኮውካል ከኖቬ ምየስቶ ና ሞራቬ ነው፤ ዛሬ እዚያ ትልቅ የስኪ ስታዲየም አለ።

ውድድር ለማየትም ሆነ ለመሳተፍ በሰሜን፣ ሊቤሬትስ አቅራቢያ ባሉት በይዜራ ተራሮች የሚካሄደውን ይዜርስካ ፓዴሳትካ እንመክራለን። ስሙ የይዜራ ሃምሳ ማለት ነው፤ መነሻውም መድረሻውም በቤድርዢሆቭ የሆነ 50 ኪሎ ሜትር። ከ1968 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን፣ በ1970 በፔሩ በሁአስካራን ተራራ ሥር በመሬት መንቀጥቀጥ በተነሳ ናዳ ላለቁት የቼኮዝሎቫኪያ ተራራ ወጪዎች መታሰቢያ ነው፤ ከእነሱ መካከል በመጀመሪያው ውድድር የተሳተፉ ነበሩ። በሊቤሬትስ ራሷ በ2009 የዓለም ሻምፒዮና ተካሂዷል፤ በ2007 ውድድር ያቆመችው ኖይማኖቫ የአዘጋጅ ኮሚቴው መሪ ነበረች፣ ባወርም እዚያ በአገሩ ሰው ፊት በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ብር ወሰደ።

ይዜርስካ የክላሲክ ውድድር ስለሆነ ከላይ ስለ ሰም የጻፍነው ሁሉ ይመለከታችኋል። 50 ኪሎ ሜትር ለሰም ረጅም ነው፤ ጠዋት ደን ውስጥ ቀዝቃዛ የነበረው በረዶ ቀትር ላይ ሊረጥብ ይችላል። ለጠዋቱ የሚሆነውን ከሥር፣ ለስለስ ያለውን ከላይ አትቀቡ፤ የላይኛው ወዲያው ይጋገራል። ይልቅ ለጠዋቱ የሚሆነውን በስሱ ደጋግማችሁ ቀቡና ለስለስ ያለውን ከትንሽ ቡሽ ጋር በኪሳችሁ ያዙ።